አንድ፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት

መምህር ልየው ዳንግላ ላይ፣ ክፍል ሙሉ ልጅ ፊት፣ «በአገውኛ እንዲህ ነው የሚቆጥሩት» ብለው አስቀውብኛል። እኔ ቁጥር አልሳትሁም። በአገውኛም እንዲያ አይቆጠርም። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምጽፈው፣ ነገሩን እንደ ቀልድ ሲያወሩት የኖሩ ሰዎች መጨረሻውን ሳይሰሙ እንዳይስቁ ነው።

የገዛ ልጆቼም ያወሩታል። ሰርግ ላይ፣ ክርስትና ላይ፣ «እማማ እኮ እስከ አራት መቁጠር አቅቷት ግድግዳ ሥር ቆማለች» ይባላል፤ ይሳቃል፤ ጠላው ይቀዳል። ዝም ብዬ ኖሬያለሁ። ዝም ያልሁት ስለተስማማሁ ሳይሆን፣ የሚስቅ ሰው ማስረዳት አድካሚ ስለሆነ ነው።

ባለፈው ሰሞን እንጅባራ የልጅ ልጄን ኅሊናን ልጠይቅ ሄድሁ። ኅሊና በሥራ ቀን ቢሮ ትውላለች፤ የእረፍት ቀኗን ግን ግቢዋ ውስጥ ካቆመቻት አሮጌ ቮልስ ሥር ተጋድማ ነው የምታሳልፈው። ማንም አላዘዛትም። ደስ ይላታል፣ በቃ። የውጭውን በር ከፍቼ ስገባ ሽታው ተቀበለኝ፤ በብርጭቆ ወረቀት የተፋቀ ዝገትና ቤንዚን አንድ ላይ። እግሬ ከመሬት ጋር ተሰፋ።

ኅሊና ከመኪናዋ ኋላ ተንበርክካ አራት ጥቁር ገመዶች በአንድ እጇ ይዛለች፤ በሌላው ስልኳን ወደ ሰማይ ታነሣለች። አገጣጠሙን ከስልኳ እያየች ነበር፤ መሀል ላይ ኔትወርክ ጠፋባት።

«የትኛው የት እንደሚሰካ ሊነግረኝ ሲል ተቋረጠ» አለችኝ።

«አንድ፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት» አልኋት፤ ዘንጌን እንኳ አላስቀመጥሁም።

ዞር ብላ አየችኝ። «እማማ፣ ይኼ ያ የግድግዳው ቁጥር አይደለም እንዴ?»

ነው። እሱው ነው። «በይ ወረቀት አምጭልኝ» አልኋት።

የተወለድሁት ጥርባ፣ ከሐይቁ ዳር ነው። እናቴ፣ አባቴ፣ ጎረቤቱ ሁሉ አገውኛ ነበር የሚናገር። አማርኛ ለእኔ የገበያና የቄስ ቋንቋ ነበር፤ «እግዜር ይስጥልኝ» እና «ስንት ነው» የምል ያህል ብቻ አውቅ ነበር። ስምንት ይሁን ዘጠኝ ዓመቴ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል እናቴ ዳንግላ አክስቴ ቤት ወስዳ አስቀመጠችኝ፤ መስከረም ሲጠባ ትምህርት ቤት እንድገባ።

አክስቴ ጥሩወርቅ የእናቴ ታላቅ ናት፤ ከእኔ ጋር በአገውኛ ታወራለች። ባሏ ጋሼ ይታየው ግን አገውኛ አያውቁም። በወጣትነታቸው የመንገድ ሥራ መኪና ነድተዋል፤ እኔ ስደርስ ወፍጮ ቤት ነበራቸው፤ ከቅንድባቸው ላይ ዱቄት የማይጠፋ ረጅም ሰው። ልጅ አልወለዱም። ግቢያቸው ውስጥ ከብሳናው ዛፍ ሥር አንዲት ቮልስ ቆማለች። አብረዋቸው ሲሠሩ የነበሩ አንድ የውጭ አገር ሰው አገራቸው ሲገቡ ትተውላቸው የሄዷት ናት። ጎማዎቿ ተነፍሰው መሬት ገብተዋል፤ ዝገት በልቷታል፤ በስተቀኝ ያለው መስኮቷ መስታወት የለውም። መጀመሪያ ያየኋት ጊዜ የዶሮ ቤት መሰለችኝ። አልተሳሳትሁም፤ አክስቴ ዶሮዎቿን የምታሳድረው እዚያ ነበር።

በዚያ ክረምት ጋሼ ይታየው ቮልሷን ሊያስነሡ ተነሡ። ለምን ቢሏቸው፣ «እንዲያው ደስ ይለኛል» ነበር መልሳቸው። አክስቴ ይህን መልስ ፈጽሞ አልተቀበለችውም። ወፍጮው ሥራ ነው፣ ይገባታል፤ አጥር ማጠር ሥራ ነው፣ ይገባታል፤ ዝገት ላይ ተደፍቶ መዋል ግን ምኑ ነው? የባሰባት ደግሞ ጋሼ ጊዜ የሚያገኙት እሁድ እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መሆኑ ነው። በሰንበት ሥራ አይሠራም። ጋሼ «ሥራ አይደለም፣ ጨዋታ ነው» ይላሉ፤ እሷ «ጨዋታ እጅ አያቆሽሽም» ትላለች። በመጨረሻ ለነፍስ አባታቸው አቀረቡት። አባ ግቢያችን መጥተው መኪናዋን ሁለት ጊዜ ዞሯት፤ በመስቀላቸው ጫፍ ጎኗን ነካ አደረጉና ጋሼን ጠየቋቸው፦

«እንጀራ ታወጣለች?»

«ኧረ አታወጣም፣ አባ።»

«ወደፊትስ?»

«አይመስለኝም።»

«እንግዲያውስ ጨዋታ ነው» አሉና ፈቀዱ። አክስቴ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ወደ ቤት ገባች።

እሷ ግን በሌላ በኩል መጣችባቸው። የኋላው ወንበር ላይ አንዲት ቀይ ዶሮ እንቁላል ታቅፋ ነበር። አክስቴ ጫጩቶቹ ሳይፈለፈሉ ማንም ያቺን ዶሮ እንዳያስነሣት አስጠነቀቀች። ጋሼም ሦስት ሳምንት ሙሉ ከፊት በኩል ብቻ፣ በሹክሹክታ ሠሩ። መፍቻ ሲወድቅባቸው ዶሮዋን ቀና ብለው ያያሉ፤ ይቅርታ የሚጠይቁ ይመስላሉ።

ሸራ ወጥረው ከዝናቡ ከለሏት። እኔን ደግሞ ብርጭቆ ወረቀት ግዥ ብለው ሱቅ ላኩኝ። ሁለቱንም ቃል አውቃቸው ነበር፤ ብርጭቆ አውቃለሁ፣ ወረቀት አውቃለሁ። ባለሱቁ የሰጠኝ ግን ቡናማ፣ አሸዋ የተነሰነሰበት ነገር ነው። ለመስኮቷ መሆኑ ገባኝ፤ ቀስ ብሎ ብርጭቆ የሚሆን ወረቀት ነው ብዬ ደመደምሁ። ጋሼ ከወፍጮ እስኪመለሱ አልጠበቅሁም። ሊጥ አቡክቼ፣ ወረቀቶቹን አያይዤ፣ ባዶው መስኮት ላይ ለጠፍሁላቸውና ብርጭቆ እስኪሆን አጠገቡ ቁጭ አልሁ። ጋሼ መጥተው ሲያዩ አልሳቁም። ይህን ሁልጊዜ አስታውስላቸዋለሁ። አንዱን ወረቀት በጥንቃቄ ላጡና እጄን ይዘው ዝገቱ ላይ አሻሹልኝ። ከሥሩ ብርማ ብረት ወጣ።

ከዚያ በኋላ ፋቂዋ እኔ ሆንሁ። ሐምሌንና ነሐሴን ፋቅሁ። ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል፤ እኔ ጣሪያዋ ላይ ውሃ ጠብ እያደረግሁ እፍቃለሁ፤ ዝገቱ እንደ በርበሬ ቀይ ሆኖ በክንዴ ይወርዳል። የጣቶቼ ጫፍ ከመለስለሱ የተነሣ የሻይ ብርጭቆ ስይዝ ይንሸራተትብኝ ነበር። አክስቴ ማታ ማታ ቅቤ ትቀባኝና ለባሏ በአማርኛ፣ ለእኔ በአገውኛ ትቆጣለች።

ሞተሯ ከኋላ መሆኑ ለእኔ አልገረመኝም፤ ሌላ መኪና ከፍቼ አይቼ ስለማላውቅ ሁሉም እንዲያ መሰለኝ። ጋሼ እዚያ ውስጥ ጭንቅላታቸውን ቀብረው ሲሠሩ ከአጠገባቸው ቆሜ ዕቃ አቀብላለሁ። አራት ጥቁር ገመዶች ነበሩ። በአንድ ጫፋቸው እሳት በምትጭረው ካንዴላ ላይ ይገባሉ፤ በሌላው ጫፋቸው አንድ ክብ ጥቁር ክዳን ላይ ዙሪያውን ይሰካሉ። ጋሼ በነጭ ቀለም ምልክት አደረጉባቸው፤ አንዱ ላይ አንድ ነጥብ፣ አንዱ ላይ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ከዚያ ክዳኑ ላይ ሲሰኳቸው ጮክ ብለው ይቆጥራሉ፤ «አንድ፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት።» ይነቅላሉ፣ ይጠርጋሉ፣ ደግመው ይሰካሉ፤ «አንድ፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት።» እንዳልረሳው «ቁጠሪ፣ የሻረግ» ይሉኛል። እቆጥራለሁ። «ጎበዝ» ይሉኛል።

በአገውኛ የአባቴን በጎች አንድ ሳላስቀር እቆጥር ነበር። በአማርኛ ግን በዕድሜዬ የተማርሁት የመጀመሪያው ቁጥር ይህ ነው። አማሮች አራትን ከሁለት እንደሚያስቀድሙ ያኔ ተረዳሁ፤ ሰው እንደ አገሩ ነው ብዬ ተቀበልሁት። ከሁለት በኋላ ተመልሰው አንድ ስለሚሉ ደግሞ ቁጥራቸው አራት ላይ የሚያልቅ መሰለኝ። ትንሽ አዘንሁላቸው። ብዙ በግ ያለው ሰው ምን ሊያደርግ ነው?

መስከረም ጠባ፤ ትምህርት ቤት ገባሁ። መምህራችን መምህር ልየው የጋሼ ይታየው ወዳጅ ናቸው። ከሌላ የጎጃም አገር መጥተው ዳንግላ የተመደቡ፣ ኮታቸው ሁልጊዜ የተቆለፈ፣ ድምፃቸው የሚያምር ሰው። ጥቅምት ላይ አንድ ቀን «እስቲ መቁጠር የሚችል» አሉ። እጄን ከሁሉ ቀድሜ አወጣሁ። ያን ዓመት በአማርኛ እርግጠኛ የሆንሁበት ነገር ያ ብቻ ነበር።

ተነሥቼ ቆምሁ። «አንድ፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት» አልሁ። ዝም ስላሉኝ ጋሼ ሲደጋግሙት እንደሚያደርጉት ፍጥነት ጨመርሁበት፤ «አንድ አራት ሦስት ሁለት፣ አንድ አራት ሦስት ሁለት።»

ክፍሉ በሳቅ ተሰነጠቀ። መምህር ልየው ከየት ተማርሽው አሉኝ። ከመኪና የምልበት አማርኛ አልነበረኝም፤ «ከቤት» አልሁ። አገርሽ የት ነው አሉኝ፤ «ጥርባ» አልሁ። ያኔ ነው ወደ ልጆቹ ዞረው ያችን ቃል የተናገሯት፦

«አያችሁ፣ በአገውኛ እንዲህ ነው የሚቆጥሩት።»

የክፍሉ ግማሽ እንደ እኔ የአገው ልጅ ነበር። ቤቱ እናቱ ከአንድ እስከ መቶ አስተካክላ ስትቆጥር እየሰማ ያደገ ልጅ፣ እሱም አብሮ ሳቀ። ከመምህሩ ይልቅ የገረመኝ ያ ነው። እስኪደወል ግድግዳ ሥር አቆሙኝ። ወደ ቤት ስሄድ ስሜ ተቀይሯል፤ «አንድ አራት! አንድ አራት!» እያሉ እስከ ብሳናው ድረስ ሸኙኝ።

ጋሼ ይታየው ያታለሉኝ መሰለኝ። ሌላ ምን ላስብ? የገጠር ልጅ ናት ብለው የማይረባ ቁጥር አስተምረው ሲስቁብኝ ከርመዋል ማለት ነው። ብርጭቆ ወረቀቱን መኪናዋ ጣሪያ ላይ አስቀመጥሁ፤ አልፋቅሁም፤ አላናገርኋቸውም። ራት ሲያጎርሱኝ አፌን ገጥሜ ጉርሻው አገጬ ላይ ቀረ። አክስቴ ደነገጠች። ቀስ በቀስ በአገውኛ አውጣጣችኝና ለባሏ በአማርኛ ነገረቻቸው።

እሁድ ዕለት ጋሼ መኪናዋ ጎን አስቀመጡኝ። አክስቴ እየተረጎመች አስረዱኝ። ቁጥሩ የሰው አይደለም፣ የሞተር ነው። ሞተሯ አራት ጓዳ አላት፤ በየጓዳው እሳት በተራ ይጫራል። «አራት ሰው አንድ አውድማ ላይ በዱላ ሲወቃ አይተሻል?» አሉኝ። አይቻለሁ። «ጎን ለጎን ያሉት ተከታትለው ከመቱ ዱላቸው ይጋጫል። ወዲያ ማዶ፣ ወዲህ ማዶ ሲሉ ነው ሥራው የሚሄድ። እሷም እንደዚያ ናት።» ወዲያው ገባኝ። የሚወቁ ሰዎች ሳይ ነው ያደግሁት።

እንግዲያው ለመምህሩ ይንገሯቸው አልኋቸው። ጋሼ ዱቄታም ቅንድባቸውን አሹ። መምህር ናቸው፣ በልጅ ጉዳይ ሄዶ ማረም ያስቀይማል፣ ጊዜ ያስረሳዋል አሉ። እኔም ግድግዳ ሥር የቆምሁት እኔ እንደሆንሁ፣ የእናቴ አፍ እንደተሰደበ ነገርኋቸው። ከዚያ በካሣ መጡ።

«የተነሣች ቀን፣ ጥርባ ድረስ ነው የምነዳት። ፊት ወንበር ላይ አንቺ ነሽ። እናትሽ በር ላይ ቆማ ታይሻለች።»

እናቴን ከሰኔ ወዲህ አላየኋትም። ብርጭቆ ወረቀቱን ከጣሪያው ላይ አነሣሁ።

ኅዳር ላይ ቀለም ቀባናት። ጋሼ የትኋን መድኃኒት የሚነፋበትን መንፊያ ተውሰው ሰማያዊ ቀለም በጥብጠው ነፏት፤ ብሳናው ግማሽ ጎኑ ሰማያዊ ሆነ፤ አንድ ነጭ አውራ ዶሮም እንደዚያው። አንድ እሁድ ገመዶቹን እኔ አቀብዬ፣ እየቆጠርሁ፣ እሳቸው ሰኩ። ገቡና ቁልፏን ጠመዘዙ። ሳለች። ደግማ ሳለች። ሦስተኛው ላይ ግቢው በሙሉ ተንቀጠቀጠ፤ ያ አንድ-አራት-ሦስት-ሁለት፣ አንድ-አራት-ሦስት-ሁለት የሚለው ድምፅ መጣ። መዳፌን ክዳኗ ላይ አሳረፍሁ፤ ሙቀቱ እንደ ላም ሆድ ነበር። አምስት ወር ስታጉረመርም የከረመችው አክስቴ ከጓዳ ወጥታ እልል አለች። ከዚያ አፍራ ተመልሳ ገባች።

የምንሄድበት ቅዳሜ ደረሰ። ታጥቤ፣ ተቀብቼ፣ ጎህ ሳይቀድ መኪናዋ በር ላይ ቆሜያለሁ። ጋሼ መጡ፤ አብረዋቸው፣ ለጉዞው የጋበዟቸው መምህር ልየው መጡ፤ ኮታቸውን ቆልፈው፣ መነጽራቸውን ጠርገው። ጋሼ የፊተኛውን በር ከፈቱላቸው።

አክስቴ ናት መጀመሪያ የተናገረችው። «ይኼ ወንበር የልጅቷ ነው ብለህ አልነበረም?»

«እንግዳ ናቸው፣ ከኋላ ላስቀምጣቸው?» አሉ ጋሼ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ልጅ ናት። ትረሳዋለች።»

አልረሳሁትም። ይኸው እየጻፍሁት ነው።

አክስቴ በር ላይ ቀረች፤ እኔ ከኋላ፣ ቀይዋ ዶሮ የፈለፈለችበት ቦታ ላይ ተቀመጥሁ። ከዳንግላ እስከ አዲስ ቅዳም የመምህር ልየውን ማጅራት እያየሁ ሄድሁ። ባዶውን መስኮት መስታወት አስገብተውለት ነበር፤ በእሱ በኩል ኑጉ ቢጫ ሆኖ ያልፋል፤ ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ያየናል፤ እጅ የሚነሳው ግን ፊት ለተቀመጠው ነው።

አዲስ ቅዳም ገበያ ነበር። ጋሼ አንድ ወዳጃቸውን ሰላም ልበል ብለው ወረዱ። ሰው እንደ ንብ ሰፈረብን። መምህር ልየው ሰው ሲሰበሰብ ዝም ብለው መቀመጥ የሚችሉ ሰው አይደሉም፤ ወርደው የኋላውን ክዳን ከፈቱና ማስተማር ጀመሩ። ይህ ሞተር ነው፣ ይህ ገመድ ነው። እኔም ወርጄ አጠገባቸው ቆምሁ። ጥቁሩ ክዳን ዙሪያ ያሉትን ነጥቦች አዩ። በጣታቸው ተከተሏቸው፤ አንድ፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት። ቅንድባቸው ተሰበሰበ።

«ይታየው ቸኩሎ ነው የሰካው» አሉ ለሰዉ። ሁለቱን ገመዶች ነቀሉ።

«መምህር፣ አይንኩት» አልሁ።

«አንቺ ደግሞ እዚህም ጀመርሽ?»

ገመዶቹን አለዋውጠው ሰኩ። አሁን ነጥቦቹ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ይላሉ። እጃቸውን በመሐረብ ጠርገው ወንበራቸው ላይ ተመለሱ። ወንበሬ ላይ።

ጋሼ መጥተው ቁልፏን ሲጠመዝዙ ሳለች፣ ተንዘፈዘፈች፣ ከዚያ እንደ ጠመንጃ ተኮሰች። የአሞሌ ጭነት የያዘች በቅሎ ጭነቷን ጥላ በረረች፤ ፈረሶች ተንጋጉ፤ አንዲት ሴት የጎመን ዘር ላይ ተቀመጠች። ደግመው ሞከሩ፤ ደግማ ተኮሰች። ጋሼ ላባቸው በዱቄቱ ላይ ወረደ። ቤንዚኑን አዩ፤ ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ ፈትተው ጠርገው መለሱ፤ ሥሯ ገብተው ወጡ። ገበያተኛው መሳቅ ጀመረ። ወደ ጥርባ የሚሄደው መንገድ ከፊቴ ተዘርግቷል፤ እኔ ደግሞ አፍሽን ዝጊ የተባልሁ ልጅ ነኝ።

ቅቤ የምትሸጥ አንዲት አሮጊት በአገውኛ ጠየቀችኝ፤ ልጄ፣ ይቺ ዕቃችሁ ምን ሆነች አለችኝ። እኔም በአገውኛ፣ ጮክ ብዬ፣ ቁጥር የማያውቅ ሰው ነካት አልኋት።

ሳቁ ከእሷ ተነሥቶ በገበያው ሙሉ ዞረ። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ያልገባቸው ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። መምህር ልየው «ምን አለች?» አሉ። አንድ በግ የያዘ ሰው፣ ደስ እያለው፣ በጨዋ አማርኛ ተረጎመላቸው፦

«ቁጥር የማያውቅ ሰው ነካት ነው የምትለው፣ የኔታ።»

ጋሼ ይታየው ቀና አሉ። እኔን አዩኝ፤ ከዚያ ጥቁሩን ክዳን አዩ። «ማን ነው የነካው?» አሉ።

«አስተካከልሁት እንጂ» አሉ መምህር ልየው። ድምፃቸው ግን እንደ ወትሮው አልነበረም።

ጋሼ እጃቸውን ወደ ገመዶቹ ሲሰዱ «እኔ ነኝ የምሰካው» አልኋቸው። እጃቸው አየር ላይ ቆየ፤ ከዚያ መለሱት። በእግሬ ጣት ቆሜ ሁለቱን ገመዶች ነቀልሁ፤ አለዋወጥኋቸው፤ እያንዳንዱን በጣቴ እየነካሁ ገበያው እስኪሰማ ቆጠርሁ። አንድ። አራት። ሦስት። ሁለት። «ያስነሡ፣ ጋሼ» አልሁ።

በመጀመሪያው ተነሣች።

የተነሣውን እልልታ አልገልጸውም፤ ቅቤ ሻጯ አንድ እፍኝ ቅቤ አናቴ ላይ መረገችልኝ። እኔ ግን ዞሬ ሄጄ በፊተኛው በር ገባሁና ተቀመጥሁ። በሩን ዘጋሁት። መምህር ልየው ጥቂት ቆሙ፤ ከዚያ በጋሼ በኩል ጎንበስ ብለው ወደ ኋላ ገቡ። ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ምንም አልቀረው።

እንጅባራን አልፈን ሽቅብ ስንወጣ ከኋላዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የሻረግ» አሉኝ፤ በስሜ ሲጠሩኝ ከጥቅምት ወዲህ የመጀመሪያው ነው። «ልክ ነበርሽ።»

«የተሳቀብኝ ክፍል ውስጥ ነው» አልኋቸው ወደ ፊት እያየሁ። «እዚያ ይበሉት።»

ጋሼ መሪውን ጠበቅ አድርገው ያዙ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ሲስቁ እንዲያ ያደርጋቸዋል።

ጥርባ ስንደርስ የሐይቁ ነፋስ ገባብን። እናቴ በር ላይ ነበረች። መጀመሪያ መኪናዋን አየች፤ ቀጥሎ ቅቤ የፈሰሰበትን ፊቴን አየች፤ ቀጥሎ የት እንደተቀመጥሁ አየች። ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ያን ፊት ለማየት ሌላ አምስት ወር እፍቅ ነበር።

ያን ቀን ሁሉንም ነገርኋት። እናቴ አልጮኸችም። ልንሄድ ስንል ለመምህር ልየው ስጦታ እንቁላል አመጣች፤ መዳፍዎን ይዘርጉ አለችና በአገውኛ እየቆጠረች፣ አንድ በአንድ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አስቀመጠችላቸው። እስከ አሥር። መሀል ላይ ቆም ብላ ትጠብቃቸዋለች፤ እሳቸው ሊደግሙ ይሞክራሉ። ገና ሁለተኛው ላይ ያ በአፍንጫ የሚወጣው ድምፅ አቃታቸው። እናቴ እንደ ሕፃን ልጅ ታግሣ ደገመችላቸው። እንቁላል የታቀፈ ሰው መሸሻ የለውም።

ሰኞ ነጋ። መምህር ልየው ገቡ፤ ኮታቸው ተቆልፏል። ጠመኔ አንሥተው ሰሌዳው ላይ አንድ፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት ብለው በቁጥር ጻፉ። ልጆቹ «አንድ አራት» ብለው ወደ እኔ ዞሩ፤ ሳቁ። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ። ከዚያ ስለ አራቱ ጓዳዎች አስረዱ፤ አውድማውንና ዱላዎቹን ሣሉ። የሻረግ ቁጥር አልሳተችም አሉ። እኔን አዩኝና እንድቀመጥ እጃቸውን ዝቅ አደረጉ።

አልተቀመጥሁም።

«ደግሞ ምን ቀረሽ?» አሉኝ።

«በአገውኛ እንዲህ ነው የሚቆጥሩት ብለው ነበር» አልሁ። በአማርኛ ያን ያህል ረጅም ነገር ስናገር የመጀመሪያዬ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ከአክስቴ ጋር ሳጠናው ነበር። «በአገውኛ እንዴት ነው የሚቆጥሩት?»

የአገው ልጆች አንገታቸውን አቀኑ። መምህር ልየው ወደ ሰሌዳው ዞሩ፤ ጠመኔውን ያነሡና ይመልሱታል። አፋቸውን ከፈት አደረጉ፤ የእናቴን ሁለተኛዋን ቃል የሚፈልጉ መሰለኝ። አላገኟትም። ጠመኔውን አስቀመጡ፤ የኮታቸውን የላይኛውን ቁልፍ ፈቱ፤ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ክፍሉ ሁሉ ዞሩ።

«አላውቅም» አሉ። «ሳላውቅ ነው የተናገርሁት።»